የጉድጓድ ጠሪ

ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያወቅሁት ወለሉን ነው። ከደጅ ፀሐይ ወደ ጨለማ ስገባ ዓይኔ ምንም አላየም፤ እግሬ ግን አየ። በሩ አጠገብ ምድሩ ድፍን ነበር። ጥቂት ወደ መካከል እንደሄድኩ ተረከዜ ሥር ድምፁ ተለወጠ፤ ከበሮ ላይ የቆምኩ ያህል። ወደ ኋላ ተመልሼ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። በሩን የሚቆልፈው ጠባቂ የፈራሁ መስሎት ሳቀ።

አልፈራሁም፤ አወቅሁት እንጂ። የጨፋ ልጅ ነኝ። የእህል ጉድጓድ ላይ የቆመ ሰው እግሩ ይነግረዋል።

ከሚሴ ያለው ጣቢያ ሞልቶ ስለነበር ሴቶችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቦርከና አጠገብ ባለ የገበሬ ቤት ነበር ያሰሩን። ባለቤቱ በጦርነቱ ሸሽቷል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በእበት የተለቀለቀ ወለል፣ ጣውላ የተመታበት መስኮት። በሰላም ጊዜ ጉድጓድ የሚቆፈረው በግቢ ወይም በበረት ነው፤ በክፉ ጊዜ ግን ቤት ውስጥ፣ ሰው ከሚተኛበት ሥር ይቆፈራል። አፉ በድንጋይና በእንጨት ይደፈንና በጭቃ ይመረጋል፤ በላዩ እበት ይለቀለቃል፤ እንግዳ ቢገባ አያውቀውም። ለጠባቂዎቹ አልነገርኩም። እህል ካለበት የባለቤቱ ነው፣ ሲመለስ ያገኘዋል አልኩ።

አንዲት ሴት ቀድማኝ ነበረች፤ የባቲ ፍየል ነጋዴ ናት። የወንድሟ ልጅ ጫካ ገባ ተብሎ ነው በእሱ ፋንታ የያዟት። ጥግ ላይ ጭብጥ ብላ ተቀምጣለች። መካከሉ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለምን ግድግዳ ላይ እንደተጣበቀች ጠየቅኋት።

«እዚያ የተኛው ሰው አይመቸኝም» አለች።

እየቀለደች መሰለኝ። ስትቀልድም ሳትቀልድም ፊቷ ያው ነው።

ከመታሰሬ በፊት በዞኑ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። በተያዝኩበት ሳምንት ቢሮዬን የወረሰችው ሴት በተለይ ታውቀዋለች። የአበባ ማሰሮዬን እንኳ ለልጆቼ አልሰጠችም። ያን ጊዜ እኔን ላለማየት መንገድ የተሻገሩት ዛሬ ሻይ ሊጋብዙኝ ወንበር ይስቡልኛል። ሻዩን እጠጣለሁ፤ አልረሳሁም።

ያሳሰረኝ የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቱና እኔ አንድ ምንጭ ስንቀዳ ነው ያደግነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ቢሮዬ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ የገዛ እግሩን ያይ ነበር። «ቀና በል» አልኩት። «ስብሰባ እንዳለው ሰው ሂድ።» አስቀጠርኩት፤ ቦርሳዬን ይዞ ተከተለኝ፤ እንዴት እንደምናገር፣ ለማን ቀድሜ እንደምቆም እያየ ተማረ። አዳዳ ይለኝ ነበር፤ በኦሮምኛችን የአባት እህት ማለት ነው። ደረጃው ከፍ ሲል አዳዳ ቀረና ወይዘሮ ሆንኩ። ከዚያ ኦሮምኛውም ቀረ። እናቱ ከገጠር ስትመጣ የግቢው በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቁሞ ያነጋግራት ነበር። አንድ ቀን ከመስኮቴ አይቼ ወርጄ ቢሮዬ አስገባኋት። ያን ይቅር ያለኝ አይመስለኝም።

እኔም ያለ ምኞት የተፈጠርኩ ሴት አይደለሁም። የበረት ሽታ ከልብሴ እንዲለቅ ብዙ ሳሙና ጨርሻለሁ። ኃላፊነት ፈልጌያለሁ፤ አግኝቼዋለሁም። ነገር ግን ስወጣ ምን ላይ ቆሜ እንደምወጣ አውቅ ነበር።

ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነበር። ቅዳሜ በከሚሴ አዳራሽ ሕዝብ ይሰበሰባል። እኔ መድረክ ላይ ወጥቼ የሰፈራችን ገበሬዎች ለታጣቂዎች እህል ሲያቀርቡ እንደነበር በአንደበቴ እንድናገር ነው። ከተናገርኩ ከአዳራሹ ወደ ቤቴ፣ ሰኞም ወደ ሥራዬ። ካልተናገርኩ እዚያው ወለል ላይ። የምናገረው ሐሰት መሆኑን እሱም ያውቃል፤ ከተናገርኩ በኋላ በዚያ ሰፈር ላይ ምን እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ወንድሞቼ እዚያ ናቸው። የእሱ እናትም እዚያ ናት። ይህን ስነግረው ሰዓቱን አየና ከጁምዓ ሶላት በኋላ መልሴን ሊሰማ እንደሚመጣ ነገረኝ።

ክፍሉ በቀን ነበር የሚያስፈራው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲግል ከወለሉ ውስጥ አንድ ነገር ረጅም ትንፋሽ ይተነፍስ ነበር። ጎምዛዛ፣ የከረመ የማሽላ ሽታ ከስንጥቁ ይወጣል። ሞቃት ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ እንደ ሰው እጅ ያርፋል። ከጣሪያ የወደቀች ፌንጣ ስንጥቁ አጠገብ አረፈች፤ ሁለቴ ዘለለች፤ ከዚያ ደርቃ ቀረች። ለመግሪብ ሶላት ኩራዝ ሲሰጡን የባቲዋ ሴት እየዞረች መሬት ላይ ታስቀምጠው ነበር። ግድግዳው ሥር ይነዳል። ወደ መካከል ስታስጠጋው እሳቱ ያንሳል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይሞታል። ደግማ ትለኩሰዋለች፤ ደግሞ ይሞታል።

«አየሽው?» አለችኝ። «እፍ የሚልበት አለ።»

ጉድጓድ መሆኑን ነገርኳት። ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ክፉ እንደሆነ፣ ያም አየር ከባድ ሆኖ ታች እንደሚተኛ ነገርኳት። ደስ ያላት አልመሰለኝም።

«አየር ከሆነ» አለች፣ «ስም የሚጠራው ምኑ ነው?»

እኔም ሰምቼ ነበር። ለእሷ ግን አልሰማሁም አልኳት።

በእኛ አገር ጉድጓድ ሲከፈት መጀመሪያ አፉ ተገልጦ ይተዋል፤ እንዲተነፍስ። ከዚያ አንድ ሰው በገመድ ይወርዳል፤ አንድ ሰው አፉ ላይ ይቀመጣል። የላይኛው ጠሪ ይባላል። ሥራው መጥራት ብቻ ነው። «ጂርታ?» ይላል፤ አለህ ወይ ማለት ነው። የታችኛው «ጂራ» ብሎ ይመልሳል፤ አለሁ። እህሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ይህ አይቋረጥም። መልስ ከዘገየ ገመዱ ይሳባል። ጠሪ አይበላም፣ አያንቀላፋም፣ ከሰው ጋር አያወራም።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ወረደ፤ ጠሪው ጓደኛው ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጠ። የእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ጎረቤቱ ይጠየቃል፤ ትልቅ ሰውን አቋርጦ ፊት ማዞር ነውር ነው። ጠሪው ነውሩን ፈርቶ እስከ መጨረሻው መለሰ። ሲዞርና ሲጣራ አጎቴ «ጂራ» አለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ድምፁ ጉድጓዱ ከሚደርስበት ጥልቀት በጣም ከራቀ ቦታ ነው የመጣው። ገመዱ ሲሳብ ባዶውን ወጣ። ጓደኛው ተከትሎ ዘለለ። ሁለቱንም ማታ ቀበርናቸው። ከዚያ በኋላ በአባቴ ግቢ ጠሪ እኔ ሆንኩ፤ ሰላምታ ላልመልስ ፈቃድ የተሰጠኝ ብቸኛዋ ልጅ።

ዓርብ ከሰዓት መጣ። ጫማው የተወለወለ፣ ሸሚዙ ነጭ። ከኋላው አንድ ጠባቂ የብረት እግር ያለው ወንበር ይዞ ገባ። እኛ መሬት ላይ ነበርን። እሱ ወንበሩን ራሱ ተቀብሎ ሊያስቀምጥ ወደ መካከል ሄደ።

«እዚያ ላይ አትቀመጥ» አልኩት።

ቆመና አየኝ። ፈገግ አለ። «አሁንም የመቀመጫ ድልድል የሚያወጡት እርስዎ ነዎት?»

«ሥሩ ባዶ ነው። ወደ በሩ ሳበው።»

ጠባቂውን እያየ ሳቀ። «ወይዘሮ፣ ባዶ የሆነውስ ሌላ ነው» አለና ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ። መልሴን ጠየቀኝ።

አልሄድም አልኩት። ቅዳሜም፣ ከቅዳሜ በኋላም። እንደ መድረክ ተናጋሪ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ያን ጊዜ የወንበሩ የፊት እግሮች ሰመጡ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ የድስት ክዳን ሲከፈት ያህል ነው። ወለሉ ከእሱ ጋር ወረደ፤ አቧራ ወጣ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወንበሩ፣ ነጩ ሸሚዝ፣ ሁሉም ጠፋ።

ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ወደ አፉ ሮጠ፤ ሊዘልል ነበር። በሱሪው ያዝኩት። አንተም ከወረድክ ሁለት እንቀብራለን አልኩት። በደረቴ ተኛሁና ራሴን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጋሁ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት እጥፍ ጥቂት ያንሳል፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ታች ሲያስል ሰማሁት።

«ስልኬ» አለ። «ስልኬ ወድቋል።»

«አትጎንበስ!» አልኩ። «ቁም። ወንበሩ ላይ ውጣ። ፊትህን ወደ እኔ አድርግ። ቀና በል።»

ይህን ቃል መቼ እንዳልኩት እሱም ሳያስታውስ አልቀረም። የወንበሩ ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ተሰማኝ። ከዚያ በልጅነት ስሙ ጠራሁት። እዚህ አልጽፈውም።

«ጂርታ?»

መልስ የለም።

«ጂርታ?»

«አዳዳ» አለ ከታች። «አዳዳ፣ ጂራ።»

ከዚያ ወዲያ አላቋረጥኩም። በመካከሉ ለሌሎቹ ትእዛዝ እሰጣለሁ። የባቲዋ ሴት ብርድ ልብሷን ጫፉን ይዛ ወደ ጉድጓዱ እያወረደችና እያወጣች አየሩን ትንጠው ጀመር፤ ቅቤ የምትንጥ ይመስል። የእኔን ብርድ ልብስ ለገመድ ቀደድነው። አልበቃም። ጠባቂው ሻርፖቻችንን ፈትተን እንድንቀጥልበት ጠየቀ።

«ራሳችንን አንገልጥም» አልኩት፣ ዓይኔን ከጉድጓዱ ሳላነሳ። «የጠመንጃህን ማንገቻ ፍታ። ቀበቶህንም።»

ፈታ። ጠመንጃው ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ቀረ። የባቲዋ ሴት በአጠገቡ ስታልፍ «ይቅርታ አባባ» አለችው።

«ጂርታ?»

«ጂራ።»

ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር አንሾካሸከች። «ጠይቂው» አለችኝ። «ለምን እንዳሳሰረሽ አሁን ጠይቂው። ወታደሩ ምስክር ነው። ይናገራል፤ በዲኔ ይናገራል።»

እውነቷን ነበር፤ በዚያች ሰዓት ያልኩትን ሁሉ ይናገር ነበር። ለብዙ ወራት፣ ከመታሰሬም በፊት፣ ይህን ሰው ከሰው ፊት የማስለፈልፍበትን ቀን ስመኝ ነበር። አሁን በእጄ ነው። ነገር ግን ከእኔ የፈለገው ቃልም ልክ እንዲህ ያለ ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ካለ ሰው የሚወጣ ቃል። አልጠየቅሁትም። የእናቱ ላም ስሟ ማን እንደነበር ጠየቅሁት። ነገረኝ። ምንጩ አጠገብ የነበረው ዛፍ ምን ዛፍ እንደሆነ ጠየቅሁት። በኦሮምኛ ነበር የሚመልሰው፤ እናቱ በምትናገርበት አነጋገር።

የጠባቂዎቹ አለቃ ጩኸት ሰምቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌ ሰው ነው። ከሥርዓት አልወጣም፤ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። አልመለስኩም። ደገመው፤ ምን እንደተፈጠረም ጠየቀኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው መጥራቴን ቀጠልኩ። የባቲዋ ሴት በእኔ ፋንታ ሰላምታውን መለሰችለት፤ ከዚያ የገመዱን ጫፍ አስያዘችው።

አንድ ነገር የሆነው በዚህ መካከል ነው። «ጂርታ?» አልኩ። ታች ያለው ሰውዬ ሳል ይዞት ነበር፤ ሳሉ በግልጽ ይሰማል። ከሳሉ ጋር፣ ከሳሉ ሥር፣ «ጂራ» የሚል ድምፅ መጣ። የባቲዋ ሴት ብርድ ልብሱን መናጥ አቆመች። ድምፁ ከጉድጓዱ ጥልቀት በጣም ይርቅ ነበር።

ሳሉ ጋብ አለ።

«አዳዳ» አለ። «ከእኔ ሌላ የሚመልስልሽ ማን ነው?»

«ወደ ላይ እይ» አልኩት። «ሌላውን ተወው። አንተ ብቻ መልስልኝ። ጂርታ?»

«ጂራ። ጂራ። ጂራ» አለ፤ ሳልጠራውም ይል ጀመር። ማንም እንዳይቀድመው የሚቸኩል ይመስል ነበር።

ገመዱን በብብቱ ሥር አሳለፈ። አለቃው፣ ጠባቂውና የባቲዋ ሴት ሳቡ። መጀመሪያ እጁ ወጣ፤ ጠርዙን ያዘ፤ ጠርዙ ተናደ። ደግመው ሳቡት። ሲወጣ አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም። ሸሚዙ በጠቆረ፣ በበሰበሰ ማሽላ ተለውሷል። ያ ነበር የተደበቀው እህል፤ ለታጣቂ ቀርቶ ለአህያ የማይሆን። ግድግዳው ሥር በሆዱ ተኛ፤ ሁለት መዳፉን ምድሩ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቶቹን እበቱ ውስጥ ተክሎ። ሊያነሱት ሲሞክሩ አልለቅም አለ። እኔ ነኝ ጣቶቹን ያላቀቅኳቸው።

አላመሰገነኝም፤ አላየኝምም። ቅዳሜ ማንም ሊወስደኝ አልመጣም። ያን ጥያቄም ከዚያ በኋላ ያነሳብኝ የለም። ነፃም አላወጣኝም፤ ይህን የምጽፈው አንዳንድ ሰዎች እሱ እንዳስፈታኝ ስለሚያወሩ ነው። ጉድጓዱ ላይ ቆርቆሮና ድንጋይ ጣሉበት፤ እኛም ክረምቱ እስኪያልፍ በዚያው ቤት፣ በግድግዳው ሥር ኖርን። እኩለ ቀን ላይ የጉድጓዱ ቆርቆሮ ከሥሩ አንዳንዴ ይንኳኳ ነበር። የባቲዋ ሴት «ወንበሩ ላይ እየወጣ ነው» ትለኝ ነበር፤ ፊቷ ሳይለወጥ። ያለ ክስ ለቀቁን።

ወደ ቢሮ አልተመለስኩም። ጠሩኝ፤ ሁለት ጊዜ። የአባቴን መሬት ከወንድሞቼ ጋር አርሳለሁ፤ ማለት እነሱ ያርሳሉ፣ እኔ እቆጣጠራለሁ፤ ኃላፊነት ከደም አይወጣም። በግቢያችን አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ። ወጣቶቹ በጆንያና በመድኃኒት የሚቀመጥ እህል እያለ ለምን ይላሉ። ሲከፈት ጠሪዋ እኔ ነኝ። ለጎረቤቶች ጉድጓድም ይወስዱኛል። አንድ መልስ ስጠብቅ ሁለት እንዳይመጣ ጆሮዬን አቆማለሁ፤ እስካሁን አልመጣም፣ አልሐምዱሊላህ።

እሱ ደግሞ በሹመት ወጣ፤ ከዞን አልፎ ሄደ። በሬዲዮ ሲናገር እሰማዋለሁ። አማርኛው ምንም እንከን የለውም። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ጥቂት ዝም ይላል፤ ሌላ ሰው እንዲያስተውለው አልጠብቅም።

ባለፈው በጋ ገመድ ልገዛ ሰንበቴ ገበያ ወርጄ ነበር። ከከብት ተራው ወዲህ መኪኖች ቆሙና ብዙ ሰው ወረደ፤ እሱ መካከላቸው ነው፤ ገበያውን እያስጎበኙት። ፊት ለፊት ተያየን። አፌን አልከፈትኩም፤ ሰላምታ ለመስጠትም አላሰብኩም ነበር። ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ጂራ» አለ።

አጠገቡ የነበሩት ለማን እንደመለሰ ዞር ዞር እያሉ ፈለጉ። እኔ ገመዱን እየጎተትኩ ጥንካሬውን መሞከሬን ቀጠልኩ።

አልጠራሁትም ነበር።